የባቡሩ ካፖርት

ባቡር ይበርደዋል ቢሉት የሚያምን ሰው ጥቂት ነው። ያን ሁሉ እሳት በሆዱ ይዞ፣ ያን ሁሉ ጭስ እየተፋ፣ ብርድ ከየት ያገኘዋል? ነገሩ ግን እውነት ነው። የእንፋሎት ባቡር ሆዱ ቦይለር ይባላል፤ ትልቅ የብረት ጋን ነው። ጋኑ ራቁቱን ከተተወ ንፋስ ሙቀቱን ይበላበታል፤ ውሃው ቶሎ አይፈላም፣ እሳት ጫሪው አካፋውን ሳያስቀምጥ ይውላል፣ ከሰሉም እንደ ገለባ ያልቃል። ስለዚህ ያለብሱታል። ነጭ ዱቄት በውሃ ተለውሶ እንደ ጭቃ ይመረግበታል፤ ሲደርቅ በላዩ ላሜራ ይታሰርበታል። ላሜራውን ሁሉም ያየዋል፤ ይቀባል፣ ይወለወላል። ከሥር ያለውን ነጭ ካፖርት የሚያውቁት ግን የሰፉት ብቻ ናቸው።

ከሰፉት መካከል በሕይወት የቀረችው እሷ ብቻ ነበረች።

እናትና አባቷ ባወጡላት ስም እነሱ ከሞቱ ወዲህ የጠራት የለም። ወርክሾፑ ያወጣላት ስም ዱቄት ነው። በወጣትነቷ ከሥራ ስትወጣ ከወፍጮ ቤት የወጣች ትመስል ነበር፤ ቅንድቧ ነጭ፣ ሽፋሽፍቷ ነጭ፣ ሻሿ ነጭ። ብረት ቀጥቃጮቹ በሩ ላይ ቆመው ይጠብቋታል።

«ዱቄት! ዛሬስ ስንት ኩንታል ፈጨሽ?»

«ያንተን ምላስ ጨምሬ ልፈጭ ነበር፤ ወፍጮው እንቢ አለኝ።»

«ለባቡር ካፖርት ትሰፊያለሽ፣ ለእኔ መቼ ነው ሸሚዝ የምትሰፊልኝ?»

«እንደ ባቡሩ መሥራት የጀመርክ ቀን!»

ይስቃሉ። እሷም ትስቃለች። ስትስቅ ዱቄቱ ከሽፋሽፍቷ ይረግፍና በበሩ በሚገባው ፀሐይ ውስጥ እየተንሳፈፈ ያብለጨልጫል። ያምር ነበር። ማለቱ ይከብዳል እንጂ፣ በእውነት ያምር ነበር።

ሥራዋን ትወደዋለች። ዱቄቱ በጆንያ ይመጣል፤ በቁመቱ በተሰነጠቀ በርሜል ውስጥ ይገለበጣል፤ ውሃ ይጨመርበታል። ከዚያ እጅጌዋን ጠቅልላ እስከ ክንዷ ትገባበታለች። አካፋ ትጠላለች። «አካፋ ጓል መኖሩን አይነግርህም፤ ጣት ነው የሚነግርህ» ትላለች። ሊጡ ለስልሶ ከእጇ ላይ እንደ ሐር ሲንሸራተት በቃው ትለዋለች። እየዘገነች ቦይለሩ ላይ ትለጥፈዋለች፣ በመዳፏ እየዳበሰች ታስተካክለዋለች፤ ሕፃን ልጇን ቅባት የምትቀባ እንጂ ብረት የምታለብስ አትመስልም። እሷ ያለበሰችው ባቡር ሲደርቅ አይሰነጠቅም። እሳቱ እየነደደ ላሜራው ላይ እጅ ቢያሳርፉበት ለብ ይላል እንጂ አያቃጥልም። ነጂዎቹ ይህን ያውቁ ነበርና ባቡራቸው ለእድሳት ሲገባ «ዱቄት ታልብስልን» ብለው ደጅ ይጠናሉ።

በዚያ ወርክሾፕ የሁሉም የሆነ አንድ ወግ ነበር። የተለወሰ ሊጥ ካደረ በርሜሉ ውስጥ ድንጋይ ይሆናል። ስለዚህ ከሥራ መውጫ ላይ የተረፈውን የፈለገ ይወስዳል። «ትራፊ» ይሉታል። የባቡር ሠራተኞቹ የሚኖሩባቸው መደዳ ቤቶች ግድግዳቸውም ጣራቸውም ቆርቆሮ ነው፤ ቀን ምጣድ፣ ሌሊት በረዶ። ታዲያ ለባቡሩ የሆነ ካፖርት ለሰው ያንሳል? በባልዲ እየተሸከሙ ወሰዱት። የምድጃውን ጀርባ መረጉበት፣ ጣራውን መረጉበት፣ ንፋስ የሚገባበትን ቀዳዳ ሁሉ ደፈኑበት። መደዳው ከውስጥ ነጭ ሆነ። ዱቄት ደግሞ እጇ አይታጠፍም፤ ትራፊ ላላገኘ ጎረቤት ሆን ብላ አብዝታ ትለውስ ነበር።

የራሷን ቤት ለመምረግ ግን ምክንያት ነበራት። ባሏ እሳት ጫሪ ነበር፤ ልጃቸው መዳህ ስትጀምር ፉርጎ ሲያያይዙ መሃል ገብቶ ቀረ። ከዚያ ወዲህ የሚያሞቃቸው ሰው የለም። ልጅቷ ደግሞ ብርዳም ነበረች፤ ንጋት ላይ ከንፈሯ ይጠቁራል። ዱቄት በልጅቷ አልጋ በኩል ያለውን ግድግዳ ከወለል እስከ ጣራ፣ በድርብ መረገችው። በሕይወቷ ከሠራችው ሁሉ የተዋጣለት ሥራ እሱ ነበር። ልጅቷ ጀርባዋን ለጥፋበት ትተኛለች። ከፍ ስትል ምስማር አገኘችና ባቡር ትሥልበት ጀመር፤ ባቡር ከነጭሱ፣ ከነፉርጎው፣ ከነነጂው። ዱቄቱ ትራሷ ላይ ይረግፋል። እናቷ ከፀጉሯ ላይ እፍ ትልላትና ጉንጯን ስማ ወደ ሥራ ትሄዳለች።

መስመሩ የተዘጋው ልጅቷ ትምህርት ከጨረሰች በኋላ ነው። መኪና መጣ፣ መንገድ ተሠራ፣ ሀዲዱን ሳር ዋጠው። ባቡሮቹ እየተቆራረጡ ለብረት ተሸጡ። አንዱ ብቻ መጠለያው ውስጥ ቀረ፤ እሱንም የሸሸገው በሩ ዝጎ አልከፈት ማለቱ ነው። ዱቄት ጡረታ ወጣች። ልጅቷ የትንንሽ ልጆች አስተማሪ ሆነች፣ ሌላ ከተማ አገባች። ባሏ የጭነት መኪና እየነዳ መንገድ ላይ የሚኖር ሰው ነውና፣ ስታረግዝ ለመውለድ ወደ እናቷ ቤት መጣች፤ ወደዚያው አልጋ፣ ወደዚያው ግድግዳ።

ስትመጣ ትንፋሽ ያጥራት ነበር። «ክፍል ውስጥ አንድ ዐረፍተ ነገር ተናግሬ ለሁለተኛው እቀመጣለሁ» አለች እየሳቀች። ከጎድን አጥንቷ ሥር በቀኝ በኩል ይወጋታል። ጤና ጣቢያ እርግዝናው ነው አሏት፤ ሕፃኑ ሳንባዋን ወደ ላይ ገፍቶት ነው አሏት። ዱቄትም አመነች። የሐኪም ቃል ተሰምቶ ሌላ ምን ይባላል?

በዚያው ሰሞን ነው የድሮው ጣቢያ ሙዚየም ሊሆን ነው የተባለው። ኃላፊ ሆኖ የመጣው ቀጭን ወጣት ባቡር ሲያይ ዓይኑ እንባ የሚያቅር ዓይነት ሰው ነበር። የዛገውን በር አስከፈተ፣ የቀረውን ባቡር አየና ባርኔጣውን አወለቀ። ከቤት ቤት እየዞረ የድሮ ፋኖስ፣ የድሮ ቆብ፣ የድሮ ፊሽካ ለመነ። ሽማግሌዎቹ ወደዱት። ባቡሩ ሊታደስ ሲፈታ ዱቄትን አስጠራት፤ «ያለበሱት እርስዎ ነዎት፣ ሲወልቅም ይገኙልኝ» አላት።

ለሠርግ የምትለብሰውን ቀሚስ ለብሳ ሄደች። አብሯት የሄደው ጡረተኛው ነጂ ነው፤ ሲነዳ በነበረበት ዘመን ፊሽካውን እንደ ዘፈን ስለሚጎትተው ጋሽ ፉጨት ይሉታል።

ሲደርሱ ባቡሩ አይታይም። ከላይ እስከ ታች በላስቲክ ድንኳን ተሸፍኗል። በላስቲኩ ውስጥ ከራስ ፀጉራቸው እስከ እግር ጥፍራቸው ነጭ ቱታ የለበሱ፣ አፍንጫቸው ላይ የውሻ አፍ የሚመስል ጭምብል ያሰሩ ሰዎች በዝግታ ይንቀሳቀሳሉ። አንዱ ውሃ ያርከፈክፋል፣ አንዱ ነጩን ልባስ እየፈለጠ በወፍራም ከረጢት ይከታል። ከረጢቱ ላይ የራስ ቅል ተሥሏል።

«እናንተ፣ አስከሬን ነው እንዴ የምትገንዙት?» አለች ዱቄት።

«ገናዧስ አንቺ ነበርሽ» አለ ጋሽ ፉጨት። «እነዚህ ገላጮቹ ናቸው፤ አፍረው ፊታቸውን ሸፍነዋል።»

የሠራተኞቹ አለቃ ከድንኳኑ ወጥቶ ጭምብሉን ወደ ግንባሩ ገፋ። ፊቱ ላይ የጎማው ማሰሪያ ቀይ መስመር ትቶበታል። «እማማ፣ ትንሽ ወደ ኋላ ይበሉልኝ። ነፋሱ ወደ እርስዎ ነው።»

«ምን እንዳይነካኝ?»

«አስቤስቶስ ነው። ሳንባ ይገድላል።»

«ኧረ ባክህ! ይኼ? ይኼን እኮ በእነዚህ እጆች ነው የለወስኩት። ጆንያው ላይ ተቀምጬ ነው ምሳዬን የበላሁት።»

«ሳንባ የሚበላ ቢሆን የእሷን ቁርስ ባደረገው ነበር» አለ ጋሽ ፉጨት። «ስትቆጣ ስማት፤ የባቡሩ ፊሽካ አይደርስባትም።»

አለቃው አልሳቀም። «የለወሰው ይተርፍና ቱታውን ያጠበችለት ሚስቱ ትታመማለች» አለ በለሆሳስ። «ምን አይቶ እንደሚመርጥ አናውቅም። ልጅ ሆኖ አጠገቡ የተጫወተ ሰው አድጎ፣ ትዳር ይዞ፣ ረስቶት ሳለ ይመጣበታል። መጀመሪያ ጎኑን ይወጋዋል። ከዚያ ትንፋሽ ያጥረዋል።»

ዱቄት ፈገግታዋ ፊቷ ላይ እንደ ተሰቀለ ቀረ። «የት ጋ ነው የሚወጋው?»

ሰውየው መዳፉን ከጎድን አጥንቱ ሥር አሳረፈ።

ዞራ ሄደች። ጋሽ ፉጨት «አንቺ ዱቄት! ምን ነክቶሽ ነው?» እያለ ከኋላዋ ተጣራ። አልሰማችውም። የመደዳው በሮች ለሙቀቱ ተከፍተዋል፤ በእያንዳንዱ በር ውስጥ ነጭ ግድግዳ አየች። ይህ ሁሉ ከእጇ የወጣ ነው። አንዲት ጎረቤት የምድጃዋን ጀርባ በመጥረጊያ ትጠርጋለች። ዱቄት የሰው አጥር ይዛ ቆመች።

ቤት ስትገባ ልጇ እንደ ልማዷ ጀርባዋን ግድግዳው ላይ ለጥፋ ተቀምጣለች። ሆዷ ላይ የሕፃን ልብስ ዘርግታ ቁልፍ ትተክላለች።

«ከዚያ ተነሺ።»

«ምነው እማዬ?»

«ተነሺ አልኩሽ! ግድግዳው... ትኋን አለው።»

«ትኋን? በኖራ ግድግዳ?» ልጅቷ ሳቀች፣ ሳቁ ወደ ሳል ተቀየረና ጎኗን ይዛ ጎበጠች። «ቀዝቃዛ ነው እኮ... ያሳርፈኛል።»

ዱቄት አልጋውን ብቻዋን ጎትታ ወደ በሩ አስጠጋችው። እርጉዝ ሴት እንዴት እንዲህ ያለ ነገር ይነገራታል? የልጇ ነገር አንዴ ፈሷል፤ የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም። ሆድ ውስጥ ያለው ግን ገና እዚህ አየር ውስጥ አልተነፈሰም። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ዱቄት በዓለም ላይ የምትፈልገው አንድ ነገር ብቻ ሆነ፤ ሕፃኑ ሲወለድ የመጀመሪያውን ትንፋሽ የሚስብበት ሌላ ክፍል።

ክፍሉ በማግስቱ በራሱ እግር መጣ። ኃላፊው በሩ ላይ ቆሞ ፊቱ እንደ ፋኖስ በርቷል።

«እማማ፣ መልካም ወሬ ይዤ ነው የመጣሁት። የባቡር ሠራተኛ ቤት እንደ ነበረ ልናስቀምጥ ፈልገን ነበር፤ ከእርስዎ ቤት የተሻለ አላገኘንም። በልዋጩ ጣቢያው ጀርባ የታደሱ ሁለት ክፍሎች አሉ። ውሃ የገባላቸው፣ ትልልቅ መስኮት ያላቸው። ነገ ዛሬ ሳይሉ መግባት ይችላሉ።»

ልጅቷ እጇን አፏ ላይ ጫነች። ዱቄት «እሺ» አለች። ንግግሩን እስኪጨርስ እንኳ አልጠበቀችም።

ኃላፊው ወደ ውስጥ ገባ። የምስማሩን ሥዕል ያየው ያኔ ነው። ተንበርክኮ በጣቱ ተከተለው፣ በመዳፉ መታ መታ አደረገው። ከግድግዳው ትንሽ ብናኝ ረገፈ። «የአንቺ ነው?» አላት ልጅቷን። «እንዴት ያለ ነገር ነው! የትምህርት ቤት ልጆች ሲመጡ እንዲነኩት እናደርጋለን። እንዲያውም ጥጉን ለእነሱ እንተውላቸውና እነሱም በምስማር ይሣሉ!»

ዱቄት እንደገና «እሺ» አለች። ሁለተኛው «እሺ» ግን እንደ መጀመሪያው አልወጣም፤ እየጎረበጣት ወጣ።

ከሰዓት በኋላ ዕቃ ስታስር ጋሽ ፉጨት መጣ። «ወይ ዱቄት! መኳንንት ሆንሽ አሉ። ባለ መስኮት!»

«ቀናህ?»

«ልቅና እንጂ! ከአሁን በኋላ አንቺን ለማየት መግቢያ ልከፍል ነው።» ወንበር ስቦ ተቀመጠ፤ እንደ ሁልጊዜው ወሬው ወደ ሟች ሚስቱ ዞረ። «እሷ ብትኖር ደስ ባላት። ግድግዳሽን እንዴት ትወደው እንደነበር! ያኔ አንቺ በሰጠሽን ትራፊ ነው የመረግነው። መጨረሻ ላይ ትንፋሹ ሲያንቃት እንኳ ጎኗን እሱ ላይ ካላስጠጋሁላት አትተኛም ነበር።»

ዱቄት የያዘችው ገመድ ከእጇ ወደቀ። ጋሽ ፉጨት ጎንበስ ብሎ አነሳላት፤ ምንም አልገባውም። «ለእኔም ውሎ አድሮ መደዳውን ሁሉ እንወስዳለን ብለውኛል» እያለ ይቀጥላል። «ሰኞ የመጀመሪያዎቹ ልጆች ይመጣሉ። በስንት ዘመኑ እዚህ ሰፈር የሕፃን ጫጫታ ልንሰማ ነው!»

ዱቄት ሻሿን አስተካክላ ወጣች።

ኃላፊውን ያገኘችው በሙዚየሙ አዳራሽ የድሮ ፋኖስ ሲወለውል ነው። ሳትቀመጥ ተናገረች። «ያ ግድግዳ ኖራ አይደለም። ባቡሩ የለበሰው ነው። መደዳው በሙሉ እሱ ነው። እኔ ነኝ የለወስኩት።»

ወጣቱ መጀመሪያ የተመለከተው መዳፉን ነው። ሱሪው ላይ ጠረገው፤ ወዲያው ሱሪውን አየና እጁን ወደ የት እንደሚያደርገው ጠፋው።

«እማማ... ይህን ከሰማሁ በኋላ ዝም ማለት አልችልም።»

«አውቃለሁ።»

«ቤቱን መውሰድ አንችልም። ክፍሎቹ ደግሞ በቤቱ ልዋጭ ነበሩ፤ እኔ ከኪሴ የምሰጣቸው አይደሉም።»

«አውቃለሁ አልኩህ እኮ፣ ልጄ። ልጅቷ ሳትወልድ አውጣን። ሌላ አልጠይቅህም።»

ነጭ ለባሾቹ ከባቡሩ ወደ መደዳው ዞሩ። ሰው ሁሉ የለበሰውን ብቻ ይዞ እንዲወጣ ታዘዘ፤ ፍራሽ አይወጣም፣ ብርድ ልብስ አይወጣም፣ የልጅቷ የሕፃን ልብስ ከነቁልፉ አይወጣም። ሽማግሌዎች ሜዳው ላይ ቆመው ቤታቸው በላስቲክ ሲጠቀለል አዩ። ሙዚየሙም ለባቡሩ የያዘውን ገንዘብ ለዚህ አዋለውና ሥራው ቆመ፤ ባቡሩ ግማሽ ጎኑ ተገፍፎ፣ ግማሽ ጎኑ ለብሶ፣ ድንኳኑ ውስጥ ቀረ።

«ዶሮ ጭራ ጭራ አወጣች ካራ» አለች ምድጃዋን ስትጠርግ የነበረችው ጎረቤት፣ ዱቄት እንድትሰማ ጮክ ብላ። «ይህን ያህል ዘመን ኖረንበታል። አፏን ብትዘጋ ምን ነበረበት?»

ጋሽ ፉጨት የሚስቱ መኝታ የነበረበትን ጥግ በመስኮቱ በኩል ሲሸፍኑት ቆሞ ያያል። ለቀልድ የተፈጠረው ያ ፊቱ ባዶ ሆኖ አንድም ነገር አይነበብበትም። ከዚያ ቀን ወዲያ ዱቄትን ሲያይ መንገድ ይለውጣል።

አለቃው ሕዝቡን ሰብስቦ ነገሩን አስረዳ፤ ምን እንደሆነ፣ ማንን እንደሚይዝ፣ እንዴት እንደሚጀምር። «በተለይ በልጅነታችሁ እዚህ ያደጋችሁ» ሲል ልጅቷ እጇን ከጎኗ ላይ በዝግታ አነሳች። ወደ እናቷ ዞረች። አልጮኸችም፤ ለመጮህ የሚበቃ ትንፋሽም አልነበራትም።

«ትኋን ነው አልሽኝ» አለች።

ኃላፊው የሚችለውን አደረገ። ለዕይታ ታጥቦ የተዘጋጀ የሦስተኛ ማዕረግ የመንገደኛ ፉርጎ ነበር፤ ለጊዜው ይጠለሉበት ብሎ ለዱቄትና ለልጇ ከፈተላቸው። የእንጨት አግዳሚ፣ ከላይ የሻንጣ መረብ፣ ሁለቱም ጎን መስኮት። ልጅቷ ሆስፒታል ወለደች፤ ወንድ ልጅ። ከጎኗ በመርፌ ውሃ ቀዱላት፤ ባልዲ ሊሞላ ምን ቀረው። ከዚያ ሐኪሙ በሩን ዘግቶ የበሽታውን ስም ነገራት። መድኃኒት አለው ወይ ብላ ስትጠይቀው፣ መስኮት ባለበት ቦታ ተኚ አላት።

ወደ ፉርጎው የተመለሱ ቀን ሕፃኑ እንደ ጉድ ያለቅስ ነበር። ምን ዓይነት ሳንባ ነው! የእንጨቱ ግድግዳ ይንቀጠቀጣል። ልጅቷ በሁለት ትራስ ተደግፋ ለማባበል ሞከረች፤ አንድ ጊዜ «እሹሩሩ» ትልና ለሁለተኛው አየር ትለቅማለች። ዱቄት ጥግ ላይ ቆማ ታያለች። እስክትጠራ ትጠብቃለች። በመጨረሻ እጇን ዘረጋች።

«እኔ ልያዘው፣ የኔ እናት።»

ልጅቷ ሕፃኑን ወደ ደረቷ ሳበችው። ዓይኗ የእናቷ ጣቶች ላይ ነበር፤ ጓል መኖሩን በሚያውቁት፣ ያን ግድግዳ በድርብ በዳበሱት ጣቶች ላይ።

«መጀመሪያ እጅሽን ታጠቢ» አለች።

ዱቄት ወረደች። የጣቢያው ቧንቧ ከሀዲዱ ማዶ ነው። ሳሙና አልነበረም፤ አሸዋ ዘግና ፈተገች፣ እስከ ክንዷ ፈተገች፣ ቆዳዋ ቀልቶ እስኪለበልባት ድረስ። ስትመለስ ልጅቷ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ ነበር፤ ተኝታም ይሁን ሳትተኛ አይታወቅም። ሕፃኑን አግዳሚው መሃል ላይ ትታላታለች። ዱቄት አነሳችው። እንዲያንቀላፋ ብላ ወደ ውጭ ይዛው ወጣች።

ንፋስ ተነስቷል። ከመደዳው በኩል የላስቲኩ መርገብገብ ይሰማል። ዱቄት ቆም ብላ ፊቷን ወደ ነፋሱ ሰጠችና ከየት እንደሚመጣ አጣራች። ከዚያ ጀርባዋን ለመደዳው ሰጥታ፣ ሕፃኑን በደረቷ ሸፍና፣ ጎንበስ ብላ ቆመች። እጇ ሲዝል ታፈራርቃለች እንጂ አትቀመጥም፤ ነፋሱ አቅጣጫ ሲቀይርም አብራ ትዞራለች።